«ለማናቸውም ጉዳይ»፦ ብሪታንያ ስለ ጾታ ዕውቅና የሄደችበት መንገድ

(በለንደን ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሎ የቀረበ)

ክቡራትና ክቡራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አያለሁ፤ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የዛሬውን ርዕስ አብዛኞቻችን የምናውቀው ስልካችን ላይ በሚላክልን ቪዲዮ ነው። ኤፕሪል 16 ቀን 2025 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ሴት» ስለሚለው ቃል የሕግ ትርጉም ፍርድ ሰጠ። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በኋላ በእኛም መካከል ሁለት ዓይነት ወሬ ሲዘዋወር ሰነበተ። አንደኛው «ትራንስጀንደር የሚባል ነገር ከብሪታንያ ሕግ ተሰረዘ» የሚል ነው። (ትራንስጀንደር፣ ባጭሩ ትራንስ፣ የሚባለው ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ በተለየ ጾታ የሚኖር ሰው ነው።) ሁለተኛው «ከእንግዲህ እነዚህን ሰዎች ከሥራ ማባረርም ከሱቅ ማስወጣትም ተፈቅዷል» የሚል። ሁለቱም ሐሰት ናቸው። እኔ የሥራ ሕግ ጉዳዮችን የማማክር ሰው ነኝና ሐሰት ወሬ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ። ከቪዲዮ የሰማውን ይዞ ሥራ ቦታው ላይ ያልተገባ ቃል የተናገረ ሰው እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። መብት እያላት የሌላት የመሰላት ሴትም ችግሯን በሆዷ ይዛ ትኖራለች።

አቋሜን ሳልደብቅ ልናገር። በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገን፣ ዕውቅና የሚፈልጉት ትራንስ ሰዎችም የሴቶች ብቻ የሆነ ቦታ እንዲጠበቅ የሚፈልጉትም፣ የያዘው ሕመም እውነተኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን የምለው ሁሉንም ለማስደሰት አይደለም። ነገሩ የተበላሸው በመሐል ቤት ነው፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠን መልስ ለማናቸውም ጉዳይ ይሠራል እያሉ በመለጠጥ። ይህን ስሕተት ፍርድ ቤቶች ሠርተውታል፣ ፓርላማው ሠርቶታል፣ አሁን ደግሞ እኛ ልንሠራው ነው። እንዴት እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና።

ኤፕሪል አሽሊ የሊቨርፑል ልጅ ናት። ስትወለድ ወንድ ተብላ ተመዘገበች፤ በወጣትነቷ መርከበኛ ሆና ሠርታለች። በ1960 ሞሮኮ፣ ካዛብላንካ ሄዳ ቀዶ ሕክምና አደረገች። ከዚያ ለንደን ውስጥ ዝነኛ የፋሽን ሞዴል ሆነች፤ አንድ ጋዜጣ የቀድሞ ታሪኳን እስኪያወጣባት ድረስ። በ1963 አርተር ኮርቤት ከሚባል የባላባት ልጅ ጋር ጂብራልታር ላይ ተጋቡ። ትዳሩ አልሰመረም። ነገሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ኮርቤት «ይህ ጋብቻ ከመጀመሪያውም ጋብቻ አልነበረም፤ የተጋባሁት ከወንድ ጋር ነው» ሲል ተከራከረ።

ጉዳዩን ያዩት ዳኛ ኦርምሮድ ሕግ ብቻ ሳይሆን ሕክምናም የተማሩ ሰው ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1970 በሰጡት ፍርድ፣ አንድ ሰው ሲወለድ ክሮሞሶሙ፣ የዘር ዕጢውና ብልቱ የሚስማሙ ከሆነ ለጋብቻ ሲባል ጾታው በዚያ ይወሰናል፣ በኋላ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና አይለውጠውም አሉ። ጋብቻው ፈረሰ።

አሁን የምነግራችሁን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ኦርምሮድ እዚያው ፍርድ ውስጥ፣ እኔ የዚህችን ሰው ጾታ በጠቅላላው እየወሰንኩ አይደለም፤ የቀረበልኝ ጥያቄ ጋብቻን የሚመለከት ብቻ ነው ብለው ነበር። እንዲያውም በዚያን ጊዜ የናሽናል ኢንሹራንስ (ለጡረታና ለመሰል ጥቅም ከሠራተኛ የሚሰበሰብ የመንግሥት መዋጮ) መሥሪያ ቤት ለአሽሊ የሴት ካርድ ሰጥቷት ነበር። ዳኛው ይህን አልተቃወሙም፤ መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ጉዳይ እንደ ሴት ሊቆጥራት ከፈለገ ይችላል አሉ። ለጋብቻ አንድ መልስ፣ ለኢንሹራንስ ሌላ መልስ። ፍርዱን ብንወደውም ብንጠላውም ዳኛው ጠንቃቃ ነበሩ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ግን አልተጠነቀቁም። የኦርምሮድ መለኪያ ከጋብቻ ወጥቶ ወደ ወንጀል ችሎት፣ ወደ ጡረታ፣ ወደ መዝገብ ቤት ገባ። ለአንድ የፈረሰ ትዳር የተሰጠ ፍርድ ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ሕይወት ሁሉ መለኪያ ሆነ።

ይህ ምን ማለት እንደነበር ለማየት የክሪስቲን ጉድዊንን መዝገብ መክፈት ይበቃል። ጉድዊን በ1937 ወንድ ተብላ የተመዘገበች፣ በኋላ እንደ ሴት የኖረች ሰው ናት። በ1990 ቀዶ ሕክምናዋን ያደረገላት የመንግሥት ሆስፒታል ነው፣ በመንግሥት ወጪ። ያው መንግሥት ግን ለሕግ ወንድ ነሽ ይላታል። በዚያን ጊዜ ሴት በ60 ዓመቷ፣ ወንድ በ65 ዓመቱ ነበር ጡረታ የሚወጣው። ጉድዊን 60 ሲሞላት ጡረታ ተከለከለች። የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ እስከ 65 ክፈይ ተባለች፤ አሠሪዋ ምክንያቱን እንዳያውቅ ደግሞ መዋጮውን ራሷ በቀጥታ እንድትከፍል ልዩ ዝግጅት ተደረገ። ፋይሏ «ምስጢራዊ» ተብሎ ስለተለየ ለጥቃቅን ጉዳይ እንኳ ሥልጣን ያለው ሠራተኛ እስኪገኝ ቀጠሮ መያዝ ነበረባት። በ60 ዓመት የሚሰጠው የለንደን ነጻ የአውቶቡስ ካርድ አልተሰጣትም። ለመኪናዋ ኢንሹራንስ የምትከፍለው የወንዶቹን ነው፣ እሱም ውድ ነበር። አንድ ጊዜ 200 ፓውንድ ተሰርቃ ለፖሊስ አላመለከተችም፤ ምርመራው የልደት ምስክር ወረቀቷን ያስወጣል ብላ ስለፈራች።

እዚህ ዝርዝር ላይ ትንሽ እንድንቆይ እፈልጋለሁ። ጡረታ፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ የስርቆት አቤቱታ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ጉድዊን ብታገኝ ሌላ ሴት የምታጣው የትኛው ነው? አንዱም የለም። የማንንም መታጠቢያ ቤት፣ የማንንም ሜዳሊያ አልጠየቀችም። ስለ ትራንስ ሰዎች ዕውቅና ስናወራ ከመጀመሪያው ወደ ስፖርትና ወደ እስር ቤት የምንሮጥ ሰዎች ይህን መዝገብ ማንበብ ይገባናል። የአብዛኛው ሰው ጥያቄ ከዚህ የሚጀምር ነው፤ ወረቀቴ እንዳያዋርደኝ የሚል።

ስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ተመሳሳይ አቤቱታዎችን በ1986፣ በ1990 እና በ1998 ውድቅ አድርጎ ነበር። ጁላይ 11 ቀን 2002 ግን አሥራ ሰባቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለጉድዊን ፈረዱ። የግል ሕይወቷ የመከበር መብትም፣ የማግባት መብቷም ተጥሷል አሉ። ራሱ ያከመውን ሰው ራሱ የማያውቅ መንግሥት ማየት እንግዳ ነገር እንደሆነም ገለጹ።

ብሪታንያ ሕግ ማውጣት ግድ ሆነባት። የጾታ ዕውቅና ሕግ በ2004 ወጣ፣ በኤፕሪል 2005 ሥራ ላይ ዋለ። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው፣ ጄንደር ዲስፎሪያ (ጾታዬ ከተወለድኩበት አካል ጋር አይስማማም ከሚል ስሜት የሚመጣ ጭንቀት) የሚባለው የሕክምና ምርመራ ውጤት ያለው፣ ሁለት ዓመት በሚፈልገው ጾታ የኖረና ዕድሜውን ሙሉ እንዲያው ሊኖር የቆረጠ መሆን አለበት። ቀዶ ሕክምና ግዴታ አይደለም። ማስረጃውን አንድ ኮሚቴ ይመረምርና የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በዚያም አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል። ክፍያው ለረጅም ጊዜ 140 ፓውንድ ነበር፤ በ2021 ወደ 5 ፓውንድ ወረደ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2025ቱ ፍርድ እንደጠቀሰው፣ እስከዚያ ይህን ወረቀት ያገኘው ሰው በመላው አገሪቱ 8,464 ብቻ ነበር። ለአገር የሚበቃ ጩኸት የሚሰማበት ጉዳይ በወረቀት ሲታይ የአንድ ትንሽ ከተማን ሕዝብ አያህልም።

ያ ሕግ በብዙ መልኩ ደግ ሕግ ነው። ዘጠነኛው አንቀጽ ግን፣ ወረቀቱን ያገኘ ሰው ጾታው «ለማናቸውም ጉዳይ» አዲሱ ጾታ ይሆናል ይላል። ለማናቸውም ጉዳይ! ከዚያ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችን ይዘረዝራል። ወላጅነት አይለወጥም፤ አባት የነበረ አባት ነው፣ እናት የነበረች እናት ናት። የባላባት ማዕረግ ውርስም አይነካም። ልብ በሉ፣ ፓርላማው የሎርዶችን ውርስ ለይቶ ማስጠንቀቂያ ሲያስቀምጥ፣ አንዲት የታመመች ሴት የምትተኛበትን የሆስፒታል ክፍል ወይም ከባሏ ዱላ ሸሽታ የምትጠለልበትን ቤት በዚያ ሕግ ላይ በስም አላነሳም። እነዚህ ጥያቄዎች እንደሚመጡ ማንም ሊገምት ይችል ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ክርክሩ የመጣው ሕጉ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው።

በ2010 የእኩልነት ሕግ ወጣ። ይህ ሁላችንም የምንደገፍበት ሕግ ነው፤ ዘራችንን፣ ሃይማኖታችንን፣ ዕድሜያችንን የሚጠብቅልን እሱ ነው። ከሚጠብቃቸው ዘጠኝ ነገሮች አንዱ ጾታ ነው። ሌላው፣ ራሱን ችሎ የቆመው፣ ጾታ መቀየር ነው። ለዚህኛው ጥበቃ ምንም ወረቀት አያስፈልግም፤ ሰውየው ጾታውን የመቀየር ሂደት ለመጀመር ያሰበ፣ የጀመረ ወይም የጨረሰ ከሆነ በቂ ነው። ሕጉ ሴትን ሲተረጉም በማንኛውም ዕድሜ ያለች የሴት ጾታ ሰው ይላል። የ2004ቱ የምስክር ወረቀት እዚህ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? ሕጉ ዝም አለ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት እንደመሰለው ሠራ።

ነገሩን ያፈነዳችው ስኮትላንድ ናት። የስኮትላንድ ፓርላማ በ2018 የመንግሥት ድርጅቶች ቦርድ አባላት ግማሾቹ ሴቶች እንዲሆኑ የሚያበረታታ ሕግ አወጣ፤ በሴቶቹ ቁጥር ውስጥ ትራንስ ሴቶችንም (ወንድ ተብለው ተመዝግበው እንደ ሴት የሚኖሩትን) ቆጠረ። ፎር ዊሜን ስኮትላንድ የተባለ ማኅበር ከሴቶች ጋር ሊቆጠሩ አይገባም ብሎ ከሰሰ። በ2022 አንድ ጊዜ አሸነፈ፤ መንግሥት መመሪያውን ለውጦ የምስክር ወረቀት ያላቸውን ብቻ ሲያስገባ ማኅበሩ እንደገና ከሰሰ፣ በሁለት ደረጃ ተሸነፈ፣ እስከ ለንደን ይግባኝ አለ። በዚያው መሐል፣ በዲሴምበር 2022፣ የስኮትላንድ ፓርላማ የሕክምና ማስረጃ ሳያስፈልግ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ በሰውየው ቃል ብቻ ወረቀቱ እንዲሰጥ የሚያደርግ ሌላ ሕግ በ86 ለ39 ድምፅ አጸደቀ። የለንደኑ መንግሥት በጃንዋሪ 2023 አገደው። ስኮትላንድ የራሷን ፓርላማ ካገኘች ጀምሮ እንዲህ ያለ እገዳ ሲጣል የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ወር ሁለት ሴቶችን በመድፈር የተፈረደበት፣ ክሱ ላይ እያለ ሴት ነኝ ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ ሴቶች እስር ቤት መወሰዱ ተሰማ፤ አገር ተቆጣ፣ ወዲያው ወደ ወንዶች እስር ቤት ተዛወረ። እንደ አየርላንድ ያሉ አገሮች ግን ከ2015 ጀምሮ በሰው ቃል ወረቀት ይሰጣሉና፣ የስኮትላንዱ ሐሳብ ከሰማይ የወረደ አልነበረም።

ይግባኙ ወዳስገኘው የኤፕሪል 2025 ፍርድ ልግባ። አምስት ዳኞች፣ በአንድ ድምፅ። ፍርዱ 88 ገጽ ነው። ያሉት ይህን ነው፦ በ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ውስጥ «ሴት»፣ «ወንድ» እና «ጾታ» የሚሉት ቃላት የተፈጥሮ ጾታን ያመለክታሉ፤ የምስክር ወረቀቱ ይህን አይለውጥም። ዳኞቹ እዚህ የደረሱት ስለ ሰው ልጅ ማንነት ፍልስፍና እየተፈላሰፉ አይደለም። ሕጉን ቁጥር በቁጥር እያነበቡ፣ ወረቀቱን ብናስገባ ይህ ድንጋጌ ይሠራል ወይ እያሉ ነው።

አንዱን ላሳያችሁ። የእኩልነት ሕጉ እርጉዝን ሲጠብቅ «ሴት» እያለ ነው የሚጽፈው። ሴት ሆና የተወለደች፣ በኋላ እንደ ወንድ የምትኖር፣ የምስክር ወረቀቱንም ያገኘች ትራንስ ወንድ አለች እንበል። ማርገዝ ትችላለች፤ በዚህ አገርም ሆኗል፣ ወልዶ «አባት ተብዬ ልመዝገብ» ያለ ሰው እስከ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሄዶ በ2020 «በወለደ ሰው ላይ የሚጻፈው እናት ነው» ተብሎ ተወስኖበታል። እንግዲህ የምስክር ወረቀቱ ለእኩልነት ሕጉም ይሠራል ካልን ይህ ሰው ለሕግ ወንድ ነው። ወንድ ከሆነ በእርግዝናው ምክንያት አሠሪው ሲያባርረው የእርግዝና ጥበቃው አይደርሰውም። ወረቀት በማውጣቱ ብቻ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት ጥበቃውን ያጣል። ዳኞቹ ይህን አይተው ሕጉ እንዲህ ሊያስብ አይችልም አሉ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ የተጠቀመውም ማን እንደሆነ ተመልከቱ፣ ራሱ ትራንስ የሆነው ሰው ነው።

ሌላም ምክንያት አነሱ። ወረቀቱ ያለውንና የሌለውን ሰው በዓይን መለየት አይቻልም፤ የሴቶች መጠለያ የምታስተዳድር ሠራተኛ በር ላይ ቆማ ወረቀት ልትጠይቅ አትችልም። ሕግን በማይታይ ወረቀት ላይ ማቆም ለማንም አይሠራም ነበር።

ከዚያ ያልተነገረው ክፍል አለ። ዳኛ ሎርድ ሆጅ ፍርዱን ሲያነብቡ፣ ይህን አንዱ ወገን በሌላው ላይ የተቀዳጀው ድል አድርጋችሁ እንዳታነቡት ብለው መከሩ። የ2004ቱ ሕግ አልተሻረም። ወረቀቱ ለጋብቻ፣ ለልደትና ለሞት ምስክር ወረቀት፣ ለጡረታ እንደ ቀድሞው ይሠራል። ትራንስ ሰው በትራንስነቱ ከሥራ ቢባረር፣ ቢሰደብ፣ ቤት ቢከለከል ሕገ ወጥ ነው። ትራንስ ሴት፣ አሠሪዋ ሴት መስላው ደመወዝ ቢቀንስባት፣ በጾታ አድልዎ ጭምር መክሰስ ትችላለች።

ስለዚህ ፍርዱን አመሰግናለሁን? ሕጉን ለማንበብ ካየሁት ሁሉ ግልጹ ንባብ ነው ብዬ አስባለሁ። ሁለት ነገሮች ግን ያሳስቡኛል፣ ልደብቃቸውም አልፈልግም።

አንደኛው፣ ትራንስ የሆኑ ሰዎች በራሳቸው ስም በችሎቱ አልተሰሙም። በዚህ አገር በግልጽ ትራንስ መሆናቸውን ተናግረው በዳኝነት ያገለገሉት የመጀመሪያዋ ዳኛ ቪክቶሪያ ማክላውድ ከአንድ የሕግ ፕሮፌሰር ጋር ሆነው እንሰማ ብለው አመልክተው ነበር፤ አልተፈቀደላቸውም። ሕጋዊ ግዴታ አልነበረም ይባል ይሆናል። ነገር ግን ተሟጋች በሌለበት ጉዳዩ የተወሰነበት ሰው ፍርዱን አምኖ መቀበል እንዴት እንደሚከብደው እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን። ብዙዎቻችን እኛ በሌለንበት ክፍል ውስጥ ስለ እኛ በተወሰነ ውሳኔ የተንገላታን ሰዎች ነን።

ሁለተኛው ይበልጣል። ጢም ያለው፣ ድምፁ የጎረነነ ትራንስ ወንድ አስቡ። በተፈጥሮው ሴት ነውና በፍርዱ መሠረት የወንዶች ብቻ የሆነ አገልግሎት ሊዘጋበት ይችላል። ፍርዱ ደግሞ በሌላ ቦታ፣ መልኩ የወንድ ስለሆነ ሴቶቹ በምክንያት ቅር ካላቸው ከሴቶች ክፍልም ሊወጣ ይችላል ይላል። ታዲያ ይህ ሰው የት ይሂድ? ሥራ ቦታው ላይ የት ይሽና? ይህ የቀልድ ጥያቄ አይደለም። ለስምንት ሰዓት ፈረቃ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ሰዎችን የሚመለከት ጥያቄ ነው። ዳኞቹ ይህን መመለስ ሥራቸው አልነበረም። የፓርላማ ሥራ ነው፤ ፓርላማውም ከ2004 ጀምሮ እየሸሸው ነው።

መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። በ1992 የወጣው የሥራ ቦታ ደንብ ለወንድና ለሴት የተለየ መጸዳጃ ይኑር ይላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከውስጥ የሚቆለፍ ለአንድ ሰው የሚሆን ሙሉ ክፍል ከሆነ መለየት አያስፈልግም። አንድ እንዲህ ያለ ክፍል በየመሥሪያ ቤቱ መጨመር ገንዘብ ይጠይቃል፣ ጭቅጭቅ ግን አይጠይቅም። አካል ጉዳተኛውም፣ ሕፃን የያዘችውም እናት ትጠቀምበታለች። ከተደፈረች በኋላ የምክር አገልግሎት ፈልጋ የመጣች ሴት ደግሞ ከሴቶች ጋር ብቻ መቀመጥ ብትፈልግ ያንን ማግኘት አለባት፤ ምክንያቷን እንድታስረዳ መገደድም የለባትም። ለትራንስ ሴቷ ደግሞ፣ እሷም ተደፍራ ሊሆን ይችላል፣ የምትሄድበት ቦታ መኖር አለበት። አንዱን ለማኖር ሌላውን ማጥፋት ግዴታ የሆነበት ቦታ እኔ እስካሁን አላየሁም፤ ገንዘብና ሐሳብ ያልወጣበት ቦታ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ስፖርትን በአጭሩ ልለፈው፤ እዚያ መልሱ የተለየ ነው፣ መለየትም አለበት። ውድድር በጡንቻ፣ በአጥንትና በቁመት የሚወሰን ነገር ስለሆነ፣ የዓለም አትሌቲክስ በ2023 በወንድ ጉርምስና ያለፉ ትራንስ ሴቶች በሴቶች ምድብ እንዳይወዳደሩ ወስኗል። ከሩጫ ወዳድ አገር የመጣን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ጾታቸውን የመቀየር ፍላጎት ስላላቸው ልጆች ሕክምናም በዶክተር ሂላሪ ካስ የተመራው ጥናት በ2024 ማስረጃው ደካማ ነው አለ፤ ጉርምስናን የሚያዘገየው መድኃኒት ለዚህ ጉዳይ ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሰጥ ታግዷል። ይህ ራሱን የቻለ ምሽት ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ በዚህ አዳራሽ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ መድኃኒቱ መታገዱ ልጃችሁን ከቤት አስወጡት ማለት አይደለም።

እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ነገር ልጨምር። የ2021ዱ የእንግሊዝና የዌልስ የሕዝብ ቆጠራ 16 ዓመት ለሞላው ሁሉ፣ ራስህን የምታይበት ጾታ ስትወለድ ከተመዘገበው ጋር አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። 262,000 ሰው፣ ማለትም ከመቶ 0.5፣ «አይደለም» አለ። ከዚያ ነገሩ ሲመረመር በአገሪቱ ከፍተኛው መጠን የታየባቸው ቦታዎች ኒውሃምና ብሬንት ሆነው ተገኙ፤ የስደተኛ መንደሮች፣ የእኛም መንደሮች። የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በኋላ እንዳመነው፣ እንግሊዝኛ ያልጠራላቸው ሰዎች ጥያቄውን በተሳሳተ መንገድ ሳይረዱት አልቀሩም። ቁጥሩም የነበረውን ይፋዊ ደረጃ በ2024 አጣ። እዚያ ቅጽ ላይ በጥድፊያ ምልክት ያደረጉ እናቶቻችን ይኖሩበታል። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ለእውነተኞቹ ትራንስ ሰዎች የሚታቀደው አገልግሎት ይዛባል። ያልገባንን ቅጽ ሳንጠይቅ መሙላት እኛን ብቻ አይደለም የሚጎዳው።

ከዚህ በኋላ የነበረው የጥያቄና መልስ ጊዜ ረጅም ስለነበር ሁለቱን ብቻ አስፍሬያለሁ።

አንድ አባት ስለ ቤተ ክርስቲያን ጠየቁኝ። በእኛ ሥርዓት ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቷ በአንድ ወገን ይቆማል፤ ሕጉ ይህን ያስቀርብናል ወይ አሉ። አያስቀርም። የእኩልነት ሕጉ ራሱ፣ አምልኮ በሚደረግበት ቦታ፣ የሃይማኖቱ ትምህርት የሚጠይቀው ከሆነ፣ ለወንድና ለሴት የተለየ ሥርዓት ማድረግን ይፈቅዳል። ይህ የ2025ቱ ፍርድ ያመጣው አይደለም፤ ከፊትም ነበረ። ነገር ግን አባቴ፣ ሕጉ የሚፈቅደው ወገን መለየትን ነው። የመጣን ሰው በር ላይ ማዋረድን፣ ስሙን በማኅበር ስልክ ላይ ማዞርን አይደለም።

ሁለተኛዋ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ እህት ናት። ከምትንከባከባቸው አንዷ ትራንስ ሴት ናቸው፤ ይህን ያወቀችው ከፋይላቸው ነው። «ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ ገላቸውን አላጥብም ማለት እችላለሁ? ለሥራ ባልደረቦቼስ መናገር እችላለሁ?» አለችኝ። ሁለቱንም መለስኩላት። አሠሪው፣ በቂ ምክንያት ካለው፣ ለገላ እጥበት የመሰለ ሥራ አንድ ጾታ ብቻ ልመድብ ማለት ይችላል፤ ስለ ምደባሽ ከኃላፊሽ ጋር ተነጋገሪ፣ ምክር ከፈለግሽ አካስ የሚባለው መሥሪያ ቤት በስልክ በነጻ ይሰጥሻል። ትራንስ ስለሆኑ ብቻ አልነካቸውም ማለት ግን አድልዎ ነው። የፋይሉ ነገር ከዚህም የከበደ ነው። እኚህ ሴት የምስክር ወረቀቱ ካላቸው፣ በሥራሽ ምክንያት ያወቅሽውን የቀድሞ ጾታቸውን ያለ ፈቃዳቸው ለሌላ ሰው መናገር በ2004ቱ ሕግ ወንጀል ነው። ወረቀቱ ባይኖራቸውም የታካሚ ምስጢር ነው። ለባልደረባሽም፣ ለጓደኛሽም፣ ቤት ገብተሽ ለባልሽም አትነግሪም።